ሂሩትን ለማየት እስከ ፐርዝ

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት ለጓደኞቼ የነገርኳቸው "አሞኛል" ብዬ ነው። ጠዋት ለሂሩት ደወልኩና ራሴን ስለያዘኝ ዛሬ ሥራ አልገባም አልኳት። እሷም "ተኚ፣ ያንቺን ድርሻ እኛ እንሰፋዋለን" አለችኝ። እኔ፣ ሂሩትና ቢፍቱ አብነት ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋ ነበር። ሦስቱ የስፌት መኪኖች ጎን ለጎን ከመጠጋታቸው የተነሳ አንዷ ስትስቅ የሌላዋ ስፌት ይጣመም ነበር። እንዲህ ሆነን ሰባት ዓመት አብረን ሠራን። ቪዛ ማግኘቴን ግን ሁለቱም አያውቁም።

ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው ለምን እንዳልነገርኳቸው አይጠይቀኝም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፓስፖርቴን ትራሷ ሥር ደብቃ "አየር ላይ እስክትሆኚ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" ትለኝ ነበር። ኖርዌይ ያለው ባለቤቴም በስልክ የሚመክረኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ሂሩትና ቢፍቱ ክፉ ይመኙልኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ብቻ ሰው የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ከሰፈራችን የወጣው ሁሉ እንዲህ ነው የወጣው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታችን በዘመድ ሞልቶ ሻንጣዬ እየታሰረ ሳለ፣ የሂሩት ድምፅ ከግቢው ተሰማ። እናቴ ሁላችንንም በዓይኗ ዝም አሰኘችና ወጥታ፣ የበሩን መጋረጃ ከኋላዋ መልሳ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"እንዴት ዋሉ እትዬ አስካለ? ጽጌ እንዴት ሆነች?"

"ትንሽ ተሽሏታል። አሁን ገና ሸለብ አደረጋት።"

"ብርቱካን ይዤላት ነበር። ገብቼ ልያት?"

"ተያት ልጄ፣ ትተኛ። ነገ ታገኛታለሽ።"

እኔ ጫማዬን አድርጌ፣ ጃኬቴን ለብሼ፣ ከመጋረጃው ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ። ዘመድ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያየኛል። ሂሩት ወዲያው አልሄደችም። ብርቱካኑን ለእናቴ አቀብላ "እግዜር ይማርሽ ብላለች በሏት" ብላ ስትወጣ የግቢው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ታክሲ መጣ፤ በሜክሲኮ አድርገን ወደ ቦሌ ሄድን። ብርቱካኑን አክስቴ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመረችልኝ፤ ፍተሻው ላይ ይቀሙኛል ብዬ ሰልፍ ላይ ቆሜ በላሁት።

ባለቤቴ የሚኖረው በርገን የምትባል ከተማ ነው። በርገንን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ሐምሌን አስቡና መስከረም እንዳይጠባ ከልክሉት። ዝናቡ እንደኛ ነጎድጓድ የለው፣ በረዶ የለው፣ አባርቶ ፀሐይ የለው፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሰዉ ከዝናቡ አይጠለልም። ሕፃን በጋሪ አድርገው ዝናብ ውስጥ ያስተኛሉ። ምሳ "ማትፓኬ" ይባላል፤ በወረቀት የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ዳቦ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ግድግዳ እያየ ይበላል። ሥራ የገባሁ የመጀመሪያ ቀን ከዳቦዬ ቆርሼ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ባጎርሳት ለአለቃችን ነገረችብኝ። ሥራዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። እነሱ ዘንድ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለም፤ ሹሙም ሽማግሌውም "ዱ" ነው፣ አንተ እንደማለት። የዘጠና ዓመት አዛውንት አንተ ለማለት ምላሴ ዓመት ሙሉ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ስማቸውን ብቻ ስጠራ ከረምኩ።

በአራተኛው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ተለያየን። ጠብ አልነበረብንም፤ በስልክ የተዋደድነውን ያህል በአካል አልቻልንበትም። አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ራንዲ የምትባል ጡረተኛ መምህርት ነበረች። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኳች።

"ጽጌ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰው ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት እንደሚል ነግሮኛል።"

"ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው።"

"ስንት?"

"ሁለት ኪሎ።"

"እንግዳ መጥቶብሻል?"

"አልመጣም።"

"ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ ሽንኩርት?"

"ሲቁላላ ያንሳል።"

ምድጃው ጋ ሄዳ ድስቱን አየች፤ እውነትም አንሷል። ቢሆንም የኪራይ ውሉን አስመጥታ፣ ሽንኩርት የሚቁላላው በወር አንድ ቅዳሜ፣ ለሁለት ሰዓት፣ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚል መስመር በእጇ ጨመረችበት። ሁለታችንም ፈረምን።

እናቴ የሞተችው በስድስተኛው ዓመት ነው። ያኔ የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ፓስፖርቴን አስገብቼ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሄጄ መስኮቱ ጋ ላለችው ሴት ነገርኳት።

"እናቴ ሞታለች። ፓስፖርቴን ዛሬ ልትሰጪኝ ትችያለሽ?"

"በጣም አዝናለሁ። የወረፋ ቁጥርሽ ስንት ነው?"

"አርባ ሰባት።"

"አሁን ያለነው ሠላሳ ሁለት ላይ ነው።"

አርባ ሰባት ሲደርስ ፓስፖርቴ ሌላ ከተማ እንዳለና ለመምጣት ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ቀብሩ በማግሥቱ ነበር። ወንድሜ ደውሎ "ሁሉም በሥርዓቱ ሆኗል፣ አልቃሽ አላጣችም፣ አታስቢ" አለኝ። ጠዋት ሥራ ገባሁ። እዚያ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። አንዲት የምጦራት ሴትዮ ዓይኔን አይታ ጉንፋን ይዞሻል ብላ መሐረብ ሰጠችኝ።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ የሰፈራችን የልደታ ልጆች ቴሌግራም ላይ ባቋቋሙት ግሩፕ ሂሩት አገኘችኝ። የመጀመሪያ መልእክቷ "ፐርዝ ነኝ፣ አውስትራሊያ። በሕይወት ካለሽ ነይ" የሚል ነበር። ከኔ ሁለት ዓመት በኋላ ቤይሩት ሄዳ፣ እዚያ ሠርታ፣ ባል አግብታ ፐርዝ ገብታለች። በየሳምንቱ እንደዋወል ጀመር። ስለ ሥራ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ በርበሬ እናወራለን፤ ስለዚያች ዕለት ግን አንዳችንም አናነሳም። ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ሳልነግራት የቀረሁት ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ይቅርታ በስልክ የሚባል አልመሰለኝም። የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ ቲኬት ቆረጥኩ።

ጉዞው ከነመቀያየሪያው ሁለት ቀን ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ፐርዝ አየር ማረፊያ ላይ፣ ምግብ ይዣለሁ ብዬ ቅጹ ላይ ስለሞላሁ ጓንት ወዳጠለቀ ወጣት መሩኝ። ወንድሜ የላከልኝን ሽሮ ከፍቶ አሸተተ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሽሮ።"

"የእንስሳ ውጤት ነው የዕፅዋት?"

"አተርና ሽምብራ ነበር። አሁን ዱቄት ነው።"

"ቢዘሩት ይበቅላል?"

"ተፈጭቶ የበቀለ አላየሁም።"

አልሳቀም። ሽሮውን መለሰልኝና ወደ አንዲት ሴት ላከኝ፤ እሷ ደግሞ ፓስፖርቴን ተቀብላ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

"ጓደኛዬን ለማየት።"

"መጨረሻ የተያያችሁት መቼ ነው?"

"አሥራ አራት ዓመት ሆነን።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ታዲያ አሁንም ጓደኛሽ መሆኗን በምን ታውቂያለሽ?"

የሥራ ጥያቄዋ ይሁን የራሷ፣ እስከዛሬ አላወቅኩም። "ውጭ ትጠብቀኛለች" አልኳት።

"ከሌለችስ?"

"ሆቴል እይዛለሁ።"

ፓስፖርቴን መለሰችልኝ።

ሂሩት ነበረች። ወፍራለች፤ ፀጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል። እጆቿን አጣምራ ቆማ ስትጠብቀኝ ደርሼ ስስማት ሰውነቷን አላላላችም። "ሻንጣሽ ይኼ ብቻ ነው?" አለችና ገፍታ ወደ መኪናዋ ሄደች።

በርገንን በጨለማና በብርድ ትቼ የመጣሁት ፐርዝ በጋ ነው። ፀሐዩ ልክ እንደ ብረት ምጣድ፤ የመጋቢት ፀሐያችን ጥላ ሥር ሲገቡ ይበርዳል፣ የነሱ ጥላው ራሱ ይፋጃል። ጎረቤቱ ሁሉ "ሃው ያ ጎይን" ይላል፣ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው፤ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። በርገን ጥያቄውም የለም። ልደታ ቢሆን ከነልጆቹ፣ ከነላሟ ተጠይቀሽ የመጣሽበትን ትረሺ ነበር።

የሂሩት ባል ማዕድን ማውጫ ስለሚሠራ ሁለት ሁለት ሳምንት ከቤት ይርቃል፤ ስለዚህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሁለት ቀን አበላችኝ፣ አስጎበኘችኝ፣ ባሕር ዳር ወሰደችኝ። እንደ ጥሩ እንግዳ ያዘችኝ፤ የሚያሳዝነኝም እሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሱቋ ወሰደችኝ። የገበያ ማዕከል ውስጥ ልብስ የምታሳጥርበትና የምታጠብብበት ትንሽ ክፍል ናት። ለበዓል ሥራ በዝቶባት ስለነበር ሁለተኛው መኪና ላይ ተቀመጥኩና የሱሪ እግር አጥፍ ጀመር። ሦስተኛው ሱሪ ላይ ደርሼ ነበር።

"መጋረጃው ኋላ እንደነበርሽ አውቄ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሳ።

እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳሁ። "እንዴት አወቅሽ?"

"ሽቶሽ ሸተተኝ። ታሞ ሽቶ የሚቀባ አለ?"

"ለምን አልገባሽም ታዲያ?"

"ምን ብዬ? እትዬ አስካለን ዋሹኝ ልበላቸው?" መኪናዋን አቆመች። "ከሰፈራችሁ መውጫ ላይ ያለው ሱቅ ጋ ቆሜ ጠበቅኩሽ። ታክሲ አስቁመሽ ትወርጃለሽ ብዬ ነበር። አጠገቤ ስታልፊ ፊት ለፊት ነው የምታዪው።"

"አላየሁሽም።"

"አውቃለሁ።"

"ሂሩት፣ ይቅር በይኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም።" ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ስወቅስሽ ከርሜ ቤይሩት የሄድኩ ዕለት ለቢፍቱ ምን ብዬ ደወልኩ መሰለሽ? አሞኛል ነው ያልኳት። ሌላ ቃል እንኳን አልፈለግኩም።"

"መጥታ ጠየቀችሽ?"

"አልመጣችም። ገብቷት ነበር መሰለኝ።"

አንድ ሰውዬ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ሰጠችው፣ አመሰገነች፣ ሳቀችለት። ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። ከኋላዋ ሄጄ አቀፍኳት፤ ያኔ ነው ሰውነቷ የላላው።

የቢፍቱ ቁጥር ሂሩት ስልክ ውስጥ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ከግሩፑ አግኝታ መዝግባው፣ አንድ ቀን እንኳን አልደወለችም። ብቻዬን አልቻልኩም አለች። አዲስ አበባ እኩለ ቀን ሲሆን ጠብቀን፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን፣ ድምፁን ከፍተን ደወልን። ከበስተጀርባው የታክሲ ረዳት ጩኸት ይሰማል።

"ማን ልበል?"

"ሂሩት ነኝ።"

"የትኛዋ ሂሩት?"

"የአብነቷ። ጽጌም አጠገቤ አለች።"

"ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አልኳት እኔ። "ቢፍቱ፣ ሳልነግርሽ ነው የሄድኩት።"

"አሁን ነው የምትነግሪኝ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ አልተለወጠም። አብነት ያለው ቤት መፍረሱን፣ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም እንደምትኖር፣ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆሟን ነገረችን። ሂሩት ተቀይመሽን ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት።

"መጀመሪያ ላይ። በኋላ መኪኖቻችሁን ሌሎች ሁለት ልጆች ያዟቸው፤ እነሱም አሞናል ብለው ሄዱ። ለመድኩት።" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ጽጌ፣ እናትሽ ሲያርፉ ግን ትደውያለሽ ብዬ ነበር።"

"ለማን? ቁጥርሽ አልነበረኝም። እዚያ ነበርሽ እንዴ?"

"ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። አንቺ የለሽ፤ ወንድምሽ ደግሞ ግራ ገብቶት ነበር። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ልጃቸው እየመሰልኩት እግዚአብሔር ያጽናሽ ይለኛል። መጀመሪያ አይደለሁም እል ነበር። በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ማስረዳቱ ደከመኝና አሜን እል ጀመር።"

ለስምንት ዓመታት ወንድሜን ማን ቀበራት፣ ማን አጠገቧ ነበር ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሂሩት እጄን ያዘችኝ።

"ቢፍቱ" አልኩ በመጨረሻ።

"አቤት። ቆዩ፣ ታክሲው መጣ፣ ይቺ ካመለጠችኝ አንድ ሰዓት ልቆም ነው። ደውሉ እሺ?"

ተቋረጠ። የታክሲው መንገድ አልቋል ባልነው ሰዓት ደግመን ደወልን። ይጠራል፣ አይነሳም። ሂሩት ሱቁን ዘግታ ቤት ስንገባ እንደገና ሞከርን፤ አሁንም ይጠራል።

"ደውሉ ብላለች" አለች ሂሩት።

"መቼ ብላለች?"

"እሱን አላለችም።"

ልመለስ ስድስት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ሂሩት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ነገ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ሲሆን ብንደውል ከሥራ እንደማናስተጓጉላት በጣቷ ትቆጥር ጀመር።