ዘጠኝ ኩንታል በቆሎና የአቻን ዲፕሎማ

አቻን ኦሉም ስትቆጣ ቢሯችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የጽሕፈት መኪናዋ ይናገራል። የእሷን ክፍልና የእኔን መዝገብ ቤት የሚለየው ስስ የቺፑድ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ፊደሎቹን የምትደበድብበትንና በእርጋታ የምታንቆረቁርበትን ቀን ከራሷ ጭምር ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ስሜ ሙሉብርሃን ነው። በደርግ ጊዜ ለሁለት ዓመት ተብዬ ጋምቤላ ተመደብኩ፤ እነሆ ሁለቱ ዓመት አላልቅ ብሎኝ እዚሁ ቀረሁ።

ያኔ ክልላችን ገና አዲስ ነበር። በየጊዜው ቢሮ ይከፈታል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ወንበርና ጠረጴዛ በአይሱዙ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ማግኘት ነበር ጭንቁ። በተለይ የሒሳብ ሠራተኛ አይበረክትልንም። ከደጋ ተመድቦ የሚመጣው ሰውዬ በመጀመሪያው ወር ሙቀቱን ይረግማል፣ በሁለተኛው ወባ ይጥለዋል፣ በሦስተኛው የዝውውር ማመልከቻውን ይዞ አቻን ዘንድ ይመጣል። የአራተኛውን ሰውዬ ማመልከቻ ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ከመኪናው መንጭቃ አወጣችና ወደ እኔ ክፍል ገባች።

"ጋሼ ሙሉ፣ ይሄን ወንበር እኔ እይዘዋለሁ" አለችኝ።

"ያለ ዲፕሎማ?"

"ዲፕሎማ አመጣለሁ።"

አመጣለሁ ያለችው ከገበያ ጨው እንደምታመጣ አድርጋ ነው። የቢሮው ኃላፊም ነገሩን ሰምተው "አምጪውና ወንበሩ ያንቺ ነው፤ እስከ ሐምሌ ዘጠና ሦስት ግን ካላመጣሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አሏት። ይኸው ነው ሁሉም ነገር የተንጠለጠለበት። በዚያን ሰሞን አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ የሦስት ዓመት የርቀት ትምህርት እንደሚሰጥ በሬዲዮ ተነገረ። በመስከረም ዘጠና አንድ እሷ ተመዘገበች። እኔም አብሬ ተመዘገብኩ። የእኔን ታሪክ ላሳጥረውና፣ የመጀመሪያው ሞጁሌ የመዝገብ ቤቱ መስኮት በነፋስ እንዳይዘጋ ደግፎ ይዞልኛል፤ ለዚያ አገልግሎቱ አላማውም።

ትምህርቱ አላስፈራትም። እኛ ከተማ ሙቀቱ ስለሚከብድ የምሳ እረፍቱ ረጅም ነው። ሌላው ሰው ጥላ ፈልጎ ሲጋደም እሷ መኪናዋን ሸፍና ሞጁሏን ትዘረጋለች። ያስፈራት ክፍያው ነው። የዓመቱ ስምንት መቶ ስልሳ ብር ነበር፤ ደመወዟ ሦስት መቶ አርባ ሰባት። ቁጥሩን ለብቻው ላየው ሰው፣ ቆጥባ ትከፍላለች ያሰኛል። የአኙዋ ልጅ ሆኖ ደመወዝ የሚበላ ሰው ግን እንዴት እንደሚቆጥብ እስቲ ይንገረኝ። ከባሮ ዳር ከመንደሯ የታመመ ይመጣል፣ የሚማር ይመጣል፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ይመጣል። እጇ ላይ ብር እያለ የለኝም ማለት ነውር ነው፤ ውሸቱም አይዋጥላትም። ባንክ አስቀምጪው አልኳት። የባንኩ ዘበኛ የእናቷ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ገብታ ስትወጣ ማታውኑ መንደሩ ይሰማል።

መላውን ያገኘችው ከእትዬ ሺታዬ ጋር ነው። ሺታዬ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አቦቦ መንገድ ላይ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋምቤላ ገበያ በቆሎና በርበሬ ይሸጣሉ። አቻን አንድ ጊዜ የመሬት አቤቱታቸውን በነፃ ጽፋላቸው ስለነበር ከዚያ ወዲህ "ልጄ" እያሉ ነው የሚጠሯት። እቅዳቸው ቀላል ነበር። አዝመራው ሲገባ፣ በታኅሣሥ፣ በቆሎ በኩንታል እስከ ሃምሳ ብር ይወርዳል። አቻን ደመወዟን እንደተቀበለች፣ ዘመድ ሳይደርስ፣ ሁለት ሦስት ኩንታል እየገዛች ሺታዬ ጎተራ ውስጥ ታስቀምጣለች። በነሐሴ፣ ገበያው ባዶ ሲሆን፣ ያው በቆሎ መቶ ብር ይገባል። ዘጠኝ ኩንታል የዓመቱን ክፍያ ይሸፍናል፣ ለቴምብርና ለፖስታም ይተርፋል። ዘመድ ሲመጣ እጇን ዘርግታ "የለኝም" ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ እጇ ላይ የለም።

የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ በብድር ከፍላ ነበር፤ ለሁለተኛው ዓመት መላው ሠራ። ሠራ ብቻ ሳይሆን አቻን ራሷን ቀና አድርጋ ኮሪደሩን ስታቋርጥ ኃላፊው መንገድ የሚለቁላት ይመስለኝ ጀመር። እኔም፣ ልክ እንደ ራሴ ብልሃት፣ ለሰው ሁሉ ልነግረው ይቃጣኝ ነበር። አፌን የያዝኩት እሷን ስለምፈራት ነው።

በነሐሴ ዘጠና ሁለት ባሮ ሞላ። የሞላው በየዓመቱ እንደሚሞላው አይደለም፤ በወንዙ ዳር የተዘራውን የመንደሯን በቆሎ ጠራርጎ ወሰደው። የእናቷ ወንድም ኦፒው አምስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ሰው ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ቅዳሜ ቀን ነበር፤ እኔም ጎረቤት ስለሆንኩ እሷ ቤት ጥላው ሥር ተቀምጫለሁ። አጎቷ ለእህል መግዣ የሚሆን ነገር ጠየቃት። አቻን እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋችና የለኝም አለች። ለእንግዶቹ የተቀቀለው ዓሣ በትሪ እንደቀረበ እትዬ ሺታዬ ከገበያ ባዶ ከረጢታቸውን ጠቅልለው መጡ።

"አቻን፣ ልጄ፣ ዘጠኙን ኩንታልሽን ነቀዝ ሳይገባው በሚመጣው ቅዳሜ እንሽጠው እንጂ! መቶ አምስት ገብቷል!"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሴትዮዋ ክፉ አስበው አይደለም፤ እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ እንኳን አላወቁም። የኦፒው አማርኛ ትንሽ ነው፤ ዘጠኝ ኩንታልን ለመረዳት ግን ብዙ አማርኛ አያስፈልግም። አንገቱን ቀና አደረገና የእህቱን ልጅ አያት። ከዚያ ተነሣ። ሌሎቹም ተነሡ። ዓሣው ትሪ ላይ እንዳለ፣ አንድም ሰው ሳይቀምሰው፣ ሄዱ። በእነሱ ዘንድ የቀረበ ምግብ ጥሎ መሄድ ከስድብ ይብሳል። በእኛም ያው ነው።

አቻን አላለቀሰችም። ሺታዬ ግን አለቀሱ። እኔ ደግሞ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይሉትን ረስቼ ምክሬን አወረድኩት። "ሽጪውና ክፈይ" አልኳት። "ምዝገባው መስከረም ሃያ ይዘጋል። ዘንድሮ ካቋረጥሽ ዓመት ትጠብቂያለሽ፣ ወንበሩ አይጠብቅሽም። ዘመድ እንደሆነ ይታረቃል።"

"ምን በልቶ ይታረቃል?" አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት የጽሕፈት መኪናዋ ከእኔ ቀድሞ ቢሮ ገብቶ ነበር። ቁጣም ደስታም ያልሆነ፣ የማላውቀው ድምፅ ነበረው። ሄጄ ብመለከት፣ በሦስት ካርቦን ደብዳቤ ትጽፋለች። "ጉዳዩ፦ የወገን እርዳታ ስለመጠየቅ" ይላል። ግልባጭ፦ ለአጎቴ ለኦፒው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"በመንደሩ ማንበብ የሚችል ማን አለ?"

"እኔ አነብላቸዋለሁ። አንተም ምስክር ሆነህ ትሄዳለህ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ኩንታል በቆሎ በሁለት ታንኳ ጭነን ባሮን ቁልቁል ወረድን። ታንኳ እጠላለሁ። አዞ አለ የለም የሚለውን ክርክር ውኃው መካከል ሆኖ መስማት ደግሞ የበለጠ እጠላለሁ። መንደሩ ስንደርስ ማንም አልሳቀልንም። እህሉ ወረደ፤ ማንም አልነካውም። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ አቻን ደብዳቤዋን አወጣችና ቆማ በአኙዋ ቋንቋ ማንበብ ጀመረች። የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፦ ብሯን ከእነሱ እንደደበቀች፣ የት እንደደበቀች፣ ለምን እንደደበቀች። አጠገቤ የተቀመጠ አማርኛ የሚችል ልጅ እየተረጎመልኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው።

"ወንድ ልጅ ሚስት ሲያጭ ዲሙይ ትሰበስቡለታላችሁ" አለች። ዲሙይ ለጥሎሽ የሚሰጠው የጥንት ሰማያዊ ጨሌ ነው፤ ከቤት ቤት እየተለመነ ነው የሚሞላው። "ያጎደለ ቤት የለም፣ ለምኖ ያፈረ ልጅ የለም። አምስቱ ኩንታል የእናንተ ነው። አራቱን እሸጣለሁ። አራት መቶ አርባ ብር ይጎድለኛል። ይኸው እኔም ለመንኳችሁ።"

አንድ ጎልማሳ "ወረቀት ታገባለች እንዴ?" ብሎ አሳቀ። ኦፒው እጁን ሲያነሣ ሳቁ ቆመ።

"በቆሎውን መደበቅሽ አይደለም ያስነሣኝ" አላት። "ሁለት ዓመት ሙሉ ወገን እንደሌለው ሰው ብቻሽን መድከምሽ ነው። ይለምኑኛል ብለሽ አሰብሽ፣ ይወስዱብኛል ብለሽ አሰብሽ፤ ጠይቄያቸው ልይ ብለሽ ግን አንድ ቀን አላሰብሽም። ማን ነው እኛን ድሃ ያደረገን?"

እኔ ከእሷ በላይ አፈርኩ፤ ሽጪውና ክፈይ ያልኩት እኔ ነኛ። መጀመሪያ የተነሣችው አኬሎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ጎርፉ ቤቷን ሳይቀር የወሰደባት ናት። ከጎርፉ ካተረፈችው ዕቃ ክምር ውስጥ የደረቀ ዓሣዋን፣ ያላትን ሁሉ፣ ትልልቁን ከላይ አድርጋ በቅርጫት አመጣች። ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጣል? ዶሮ መጣ፣ ማር በቅል መጣ፣ ሁለት ፍየል መጣ። ያ ወረቀት ታገባለች ያለው ጎልማሳ አንዱን ፍየል የጎተተው እሱ ነው። ስንመለስም ታንኳዎቹ ባዷቸውን አልነበሩም። የደረቀው ዓሣ ለሳምንት ያህል መዝገብ ቤቴ ውስጥ ተቀመጠ፤ እስከ ጥምቀት ድረስ ፋይሎቼን የሚከፍት ሁሉ አፍንጫውን ይይዝ ነበር። ሺታዬ ገበያ ላይ ቆመው በወሎ አፋቸው እያወደሱ ሁሉንም ሸጡት። መስከረም አሥራ ሰባት ክፍያው ተላከ።

የመጨረሻው ዓመት ውጤት በሐምሌ ዘጠና ሦስት በፖስታ መጣ። አቻን አለፈች። ኃላፊው ቃላቸውን ጠብቀው ወንበሩን ሰጧት፤ የምደባ ደብዳቤዋን ራሷ ጻፈችው። እኔ ነገሩ እዚህ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ወዲያው በሳምንቱ ኦፒው ሰባት ሰዎች አስከትሎ ቢሯችን ደረሰ። ሁሉም በባሮ ታጥበው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ጠረጴዛዋ ፊት ተሰለፉና ኦፒው ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ ተናገረ።

"ስንት አገኘን?"

አቻን ሳቀችና ወረቀቱን አወጣች። ኤ፣ ቢ እና ሲ ምን እንደሆኑ ኦፒው ለሰዎቹ ቀድሞ አስጠንቷቸዋል፤ ኤ ትልቅ ዓሣ፣ ቢ መካከለኛ፣ ሲ ትንሽ። እሷ ታነባለች፣ እሱ ወደ ኋላው ዞሮ ይተረጉማል፣ ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ኤ። ቢ። ቢ። እንደገና ኤ። ከዚያ "ኦዲቲንግ፣ ሲ" አለች። ኦፒው አልተረጎመም።

"ሲ?"

"ሲ ማለፊያ ነው፣ አጎቴ።"

"አኬሎ ዓሣ ስትሰጥ ትንሹን መረጠች?" አለ። "ምን ብዬ ልንገራት?"

ኃላፊው ከክፍላቸው ብቅ ብለው ሊስቁ ነበር፤ የሰውዬውን ፊት ሲያዩ ተዉት። አቻን፣ ለቢሮ ኃላፊ አንገቷን ያልደፋችው አቻን፣ አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን አየች።

"አንተ አትንገራት" አለችው። "ቅዳሜ መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ።"

"ለምን ሲ እንደሆነ አውቀሽ ነይ" አላት። "ትጠይቅሻለች።"

ያን ሳምንት ሙሉ፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ አዲሱ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ኦዲቲንግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ስታጠና አየኋት።