የወይዘሮ ባሎቴ ሃያ የእንሰት ችግኞች

ከአዲስ አበባ የወጣሁት የወላይታን እንሰት ስለሚያጠወልገው በሽታ እንድጽፍ ጋዜጣችን ስላዘዘኝ ነው። እስከ ሞጆ በባቡር፣ ከዚያ በበቅሎ ተጓዝኩ። የብላቴ ወንዝ ጎድሎ ስለነበር ጭነታችን ሳይርስ ተሻገርን።

ሶዶ

እርሻ የተማረው አቶ ወንድሙ ተቀበለኝ። የሶዶ ተወላጅ ነው፤ ወላይትኛም ያውቃል። ከበሽታው የተረፈ አሮጌ እንሰት ሥር ባለው አፈር ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ነፍሳት ተክሉን ይጠብቁታል ብሎ ያምናል።

ይህን ለማረጋገጥ አምና አፈሩን በውሃ በጠበጠና ሁለት ማሰሮ ሞላ። አንዱን አፍልቶ ነፍሳቱን ገደለ፤ ሌላውን ጥሬውን ተወው። ቦዲቲ አጠገብ ያሉ ወይዘሮ ባሎቴ የአሥር ችግኞችን ሥር በጥሬው፣ የአሥሩን በፈላው ነክረው እንዲተክሉ አደራ ብሎ ተመለሰ። ልዩነት ከታየ የሚሠራበት የእርሻ መሥሪያ ቤት የችግኝ ማፍያ ቦታ ይሰጠዋል።

ቦዲቲ

በማግስቱ ደረስን። ወይዘሮ ባሎቴ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው ከአይብ ጋር አቀረቡልን። በጎረቤት ጓሮ ብዙ እንሰት ጠውልጎ ወድቋል። የእሳቸው ሃያ ችግኞች ግን ሁሉም ለምልመዋል።

ወንድሙ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። ከዚያ በወላይትኛ ጠየቃቸው፤ እሳቸው መለሱ፤ እሱ ችግኞቹን ለሦስተኛ ጊዜ መቁጠር ጀመረ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«የፈላውን ደፍተውታል። ሃያውንም በጥሬው ነክረዋል።»

ወይዘሮዋ ቀጠሉ፤ እሱም እያቀረቀረ ተረጎመ። «‹ልጄ፣ ከሃያ ልጆች ለአሥሩ መድኃኒት ሰጥተህ አሥሩ ሲሞቱ ቁጭ ብለህ ታያለህ? የዓመታት ምግባችን እኮ ነው› ይላሉ።»

ሌላም ጨመሩ። ይህን ሊተረጉምልኝ አልፈለገም፤ ስለወተወትኩት ብቻ ነገረኝ። «‹ፊትህ ምነው ጠወለገ? ያንተንም ሥር ልንከርልህ?› አሉኝ።»

ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ ዘግይቶ።

መመለሻ

ወንድሙ ሃያው መቆማቸውን እንጂ ባክቴሪያ አዳናቸው ብዬ እንዳልጽፍ ለመነኝ፤ የሚያነጻጽርበት የለውም። የችግኝ ቦታውም ለዘንድሮ ቀረ። ሙከራውን በገዛ ጓሮው ሊደግመው ወስኖ ወይዘሮዋን ሃያ ችግኝ ጠየቃቸው። አሥር ሰጡት። ለፈላው የሚሆነውን ከሌላ ሰው ፈልግ አሉት።

አዲስ አበባ ስገባ አለቃዬ «ለእንሰት መድኃኒት ተገኘ» የሚል ርዕስ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አሰረዝኩት። ማስረጃ አንድ ሰው በገዛ ጓሮው ዋጋ የሚከፍልበት ነገር መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው። ወንድሙ አሁን በፈላው የተነከሩትን፣ ሊታመሙ የሚችሉትን አሥር ችግኞች ራሱ ተክሎ እየጠበቀ ነው።