ባትሪ ይዞ የመጣው ሰውዬ

አዳማ ውስጥ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ትንሽ ቆብ የደፋ ሰውዬ ባትሪ ይዞ ከች አለ። ጎመኑን ቅጠል በቅጠል እያበራ መረመረ፤ እንቁላሉን ብርጭቆ ውስጥ እየሰበረ ደም ፈለገ። ምድጃ ልለኩስ ስል እንኳ ቀድሞኝ ለኮሰ። ጉድ ፈላ!

«የጤና ቁጥጥር ነው፤ ያን የቆየ ዘይት ሰውሪው» አልኳት አብራኝ ለምትሠራው ለጫልቱ።

ለካ ከእስራኤል የሚመጡ እንግዶች ረቢ፣ የሃይማኖት አባታቸው ኖሯል። ምግቡ በሕጋቸው መሠራቱን ሊጠብቅ ነው። «ነገ ባልደረባዬ ይተካኛል» ብሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ሌላ ባለባትሪ መጣ።

«ረቢ፣ ይግቡ! ይቺን ዘይት ብቻ እንዳይነኩ፤ ሳምንት ሙሉ የጠበስንባት ናት። ለእኛው ደንበኞች ነች» አልኩት።

«ረቢ ማነው?» አለኝ መታወቂያውን እያወጣ። «ከጤና ቁጥጥር ነው የመጣሁት።»