ሃብታሙ ያልያዛት ኳስ

ዘከሪያ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ፎቶ ያነሳል። እንጀራው ጉርድ ፎቶ ነው። “ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ እንዳትነቃነቅ” ሲል ይውላል። ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ፊቱ እንደ ሱቅ በር ይዘጋል፤ ዘከሪያም የተዘጋውን ፊት በልኩ ቆርጦ ያስረክባል። እሑድ ሲሆን ግን ክፍሉን ቆልፎ፣ ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ኳስ ሜዳ ይወርዳል።

ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈር ቡድኖች ለዋንጫ ይጫወታሉ። እሱ ከጎሉ ጎን ካሜራውን ይተክልና ጣቱን ከቁልፉ ላይ አያነሳም። ካሜራው ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ አንዱን ዝላይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይለቅመዋል። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ላይ ምስሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ይደርባል፤ ከየምስሉ ተጫዋቹን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፍቃል። ካሜራው ስላልተነቃነቀ ሜዳው አንድ ሜዳ፣ ጎሉም አንድ ጎል ሆኖ ይቀራል። ልጁ ግን ከመሬት ሲነሳ፣ ሲንጠራራ፣ አየር ላይ ሲጋደም፣ ከራሱ ኋላ ራሱ ተሰልፎ ይታያል።

ልጆቹ ይህን ፎቶ “ጋቢ” ይሉታል፤ ጋቢ ተደራርቦ አይደል የሚሰፋው።

“ጋሽ ዘኬ፣ ዛሬ እኔን ጋቢ አልብሰኝ!”

“መጀመሪያ ሩጥ። ለቆመ ሰው ነጠላም ይበዛበታል።”

ሃብታሙ የሰፈሩ በረኛ፣ ሸማ ተራ ለሚነግዱት ለእትዬ በለጥሻቸው ደግሞ አንድ ልጃቸው ነበር። በጥር ታሞ፣ ብዙም አልጋ ላይ ሳይቆይ ሞተ። ለእናትየው የቀራቸው ዘከሪያ ለመታወቂያ ያነሳው ጉርድ ፎቶ ነው። “ይኼማ የተቆጣ ሰው ነው፤ የኔን ልጅ አይመስልም” እያሉ መልሰው ይደፉታል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ጓደኞቹ ዋንጫውን በስሙ ሰየሙት። የቡድኑ አምበል አብራር ወደ ዘከሪያ ክፍል ወጣ።

“ጋሽ ዘኬ፣ ለባነሩ የሃብትሽን ጋቢ ሥራልን። ያቺን የአምናዋን፣ የመጨረሻዋን ጨዋታ።”

ዘከሪያ ፈልጎ ከፈታት። ሃብታሙ ወደ ግራ ተወርውሯል፤ ክንዱ እስከ መጨረሻው ተዘርግቷል፤ ኳሷ ከጣቶቹ ጫፍ አልፋ መረብ ውስጥ ገብታለች።

“እጁ ላይ አድርጋት” አለ አብራር። “ላንተ ምን ችግር አለው? ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው።”

“ገብታለች እኮ።”

“እኔ ነኝ አጥቂውን ያሳለፍኩት! እሱ ምን አደረገ? ሞቶም ጎል ይግባበት?”

ዘከሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ኳሷን ቆርጦ እጁ ላይ አስቀመጣት። ሥራው ያምር ነበር፤ የትኛውም ዓይን አይለየውም። ልቡ ግን አልረጋ አለ። የእትዬ በለጥሻቸውን ዓይን አልነበረም የሚፈራው፤ ልጃቸውን የሚያውቁ መሆናቸውን ነበር። አንድ ጊዜ የማይመስል ፎቶ ሰጥቷቸዋል፤ ሁለተኛ መስጠት ከበደው። ባነሩ ከመታተሙ በፊት እንዲያዩት አስጠራቸው።

እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ። አብራርም ተከትሏቸው በሩ ላይ ቆመ።

“ይኼ ሁሉ እሱ ነው?”

“ሁሉም እሱ ነው፣ እትዬ። አንድ ዝላይ ነው፤ ደርቤ አሰለፍኩት።”

ጣታቸውን ሳያስነኩ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉ። “አንድ ነበር የወለድኩት” አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ኳሷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። “ያዛት?”

“ያዛት ማዘር! እንዴት አድርጎ!” አለ አብራር።

“አንተን አልጠየቅኩም።”

ዘከሪያ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። “አልያዛትም፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያስያዝኩት።” እሳቸው እያዩ ኳሷን ወደ መረቡ መለሳት።

እትዬ በለጥሻቸው ወደ መስታወቱ ቀረብ አሉ። አብራር ጫማውን ያያል።

“ከዚያስ?” አሉ።

“ከዚያማ ጎል ሆነ።”

“ጎሉን ምን አደርገዋለሁ? ልጄስ፣ ከዚያስ?”

ይህን ዘከሪያ አላሰበበትም። ዝላይ ካለቀ በኋላ ያለውን ምስል ሁሌም ይተወዋል፤ የወደቀ ሰው እንቅስቃሴ አያሳይም። የተዋቸውን ምስሎች ተራ በተራ ከፈተላቸው። ሃብታሙ ጭቃው ውስጥ ተጋድሟል። ዞሮ ኳሷን ያያል። ቀጥሎ ቅንድቡ ድረስ ጭቃ እንደሆነ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ፣ በራሱ ይስቃል።

“ይኸው!” እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “ይኸው እሱ! ሳህን ሲሰብርም እንዲህ ነው። ልቆጣ ስነሳ ቀድሞኝ ይስቃል። ይኼንንም ደርብልኝ።”

“ማዘር፣ ጎል የገባበትን? ባነር ላይ?”

“ጎል የገባበት ማን ሆነና? የኔ ልጅ አይደለም? አንተስ ብትሆን! ‘አብራር አውቶቡስ ተራ ሆኗል፤ መጪውንም ሂያጁንም ያሳልፋል’ እያለ እራቱን ሳይበላ ሲስቅብህ ነው ያመሸው።”

አብራር ሳቀ። ከዚያ ወደ ደረጃው ዞሮ ቆየ፤ ማንም ዙር አላለውም።

ዘከሪያ ሥራውን እንደገና ጀመረ። ፊት የሚጋርዱትን ምስሎች ከመሐል አወጣ፤ የሚስቀውን ከሰልፉ ዳር አስተኛው። እትዬ በለጥሻቸው እስኪያልቅ ተቀምጠው ጠበቁ። የመጀመሪያውን ኅትመት ለእሳቸው ሰጣቸው፤ ልጠቅልልዎ ቢላቸው እምቢ አሉ። እንደተዘረጋ ይዘውት ወረዱ።

ሸማ ተራ ሲደርሱ ጎረቤታቸው ጠይባ ጥለት ታጣጥፍ ነበር። ፎቶውን ጨርቁ ላይ ዘረጉላት።

“አልያዛትም እኮ፣ ጠይባ” አሉ። “አየሻት? አልፋው ሄደች!”