የሽመላዎቹ ቁጥር

ባልየው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከግቢ ግቢ እየዞረ ሲመዘግብ አንድም ቀን በግምት ጽፎ አያውቅም። የሥራ ባልደረቦቹ ውሻ ያለበትን ግቢ በሩቁ አይተው «ያው እንዳለፈው ወር ነው» ብለው ሲሞሉ፣ እሱ ውሻው እስኪታሰር በር ላይ ይገተራል። ሱሪው ሁለቴ ተዘንጥሏል፤ ቁጥሩ ግን ልክ ነው። ስለዚህ የአዕዋፍ ማኅበሩ ብርድ ሸሽተው የሚመጡትን ወፎች በዓመት አንድ ቀን እንዲቆጥርለት ሲለምነው ማንንም አልገረመም።

አሁን ግን የደበቀው ነገር ነበረው። ሐኪሙ ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ እንዳለና ቶሎ መገፈፍ እንዳለበት ከነገረው ዓመት አልፎታል። ማኅበሩ ከሰማ ቆጠራውን ይነጥቀኛል ብሎ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሚስት ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜዋን በሙሉ ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታሾልክ የኖረች። በቀደም ባሏ ገመድ ላይ ለተሰጣ ካፖርት «እንደምን አደርክ» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስፌቷን ቀጠለች። የቆጠራው ቀን ሲደርስ ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወፍ ልቆጥር ነዋ! ዘላለም ዳክዬ ዳክዬ ስትለኝ፣ እስኪ እኔም ልያቸው።»

አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታው ላይ ጣላቸውና በግድቡ ጠርዝ ወፎቹ ወደሚያርፉበት ረግረግ ወረዱ። እዚያ ችግር አልነበረም። ዳክዬዎቹን በድምፃቸው፣ በክንፋቸው አመታት ያውቃቸዋል፤ ሲነሱም በአሥር በአሥር እየከፈለ ሁለት መቶ አርባ ቆጠረ። ሚስቱ ከኋላው ሆና በልቧ ስትቆጥር ከዚያው አካባቢ ደረሰች። ትንሽ ቀለል አላት።

ቀጥሎ ከቦዩ ማዶ ወዳለው የሽምብራ ማሳ ዞሩ። ባልየው የሩቅ ማያ መነጽሩን አንስቶ ከዳር ዳር አስኬደውና ፊቱ በራ።

«ስልሳ ሦስት ሽመላ! ካምናው በአራት ይበልጣሉ።»

«የትኞቹ?»

«እነዚያ ነጫጮቹ ናቸዋ!»

መዳፏን ግንባሯ ላይ ጥላ አድርጋ አየች። «አንዱም አንገቱን ቀና አላደረገም እኮ።»

«ሽመላ ሲያርፍ እንደዚያ ነው። ባንድ እግሩ ቆሞ ያንጎላጃል።»

«ስልሳ ሦስቱም ባንዴ?»

በዚህ መሃል የማሳው ባለቤት መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ምን ጠፋባችሁ?»

«የጠፋብን የለም። ሽመላ እየቆጠርን ነው።»

«ሽመላ? ያ እኮ የማዳበሪያ ጆንያ ነው! ወፍ እንዳይጨርስብኝ እንጨት ላይ አስሬው ነው።»

ሚስት ሳቋ አመለጣት። ገበሬውም አብሯት ሳቀ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ባሏን ስታይ ግን ሳቁ ከአፏ ጠፋ። ሰውዬው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታስረው?» አለ።

«ይኸው ሦስት ዓመቴ። ማሳውን ባሰፋሁ ቁጥር ጆንያ እጨምራለሁ።»

አርባ አንድ፣ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ዘጠኝ። የሦስቱ ዓመት ሪፖርቱ ይኸው ነበር። ማኅበሩም «የሽመላዎች ቁጥር አንሰራራ» ብሎ በመጽሔቱ አውጥቶለት፣ እሱም ገጹን ቆርጦ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ላይ የጠራው በሽምብራ ማሳ መሃል፣ በሰው ፊት ነው።

መነጽሩን ካንገቱ አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት። «ዓይኔ ላይ ሞራ አለ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። ማሳውን ከጫፍ ጫፍ፣ ጆንያዎቹን በዓይኗ እየዘለለች አየች። ደግማ አየች። «እዚያ ጥግ፣ ውሃው ዳር የሚራመዱ አሉ። ዘጠኝ ናቸው።»

«ዘጠኝ ብቻ?»

«ዘጠኝ።»

ገበሬው ነገሩ ግራ ገብቶት ወደ ሥራው ሄደ። ባልየው ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የቆጠራ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ያለፉት ሦስት ዓመታት ቁጥሮች ጆንያ ስለሆኑ ይሰረዙ፣ ለከርሞም ሌላ ሰው ይላክ ብሎ ጨመረና ፈረመ።

ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። «በቃ፣ እንዲህ አትሁን እንጂ። የማይሳሳት ሰው የታለ? ሞራው ይገፈፋል፣ ታርመዋለህ።»

«መሳሳቴስ ይሁን» አለ። «ሽመላዎቹ ሲያልቁ፣ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።»