ያልፈላው ጠጅ

እትዬ ሻሽቱ መቱ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጠጅ ጥለዋል። ከሶር ወንዝ ማዶ የሚመጣላቸውን ማር በጣታቸው ነክተው ይቀምሱና ስኳር የተቀላቀለበትን ወዲያው ይለዩታል፤ ነጋዴው ልከራከር ቢል ማሩን ይዞ ይመለሳል። ቤታቸው አንድ ደንብ አለው፦ የመጀመሪያዋን ብርሌ እንግዳው ፊት ራሳቸው ይጠጣሉ። ባለቤቷ ያልቀመሰችውን ጠጅ ማን አምኖ ይጠጣል?

በዚህ መሀል ስኳር በሽታ ያዛቸው። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ዕፀገነት ማሩንም ጠጁንም ከለከለቻቸውና በትንሽ ብልቃጥ ነጫጭ ክኒን አመጣችላቸው።

«እማዬ፣ አንዷ ፍሬ እንደ አንድ ማንኪያ ስኳር ታጣፍጣለች፤ ደምሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ግን ከፍ አታደርገውም» አለቻቸው።

ሻይ ውስጥ ጨምረው ቀመሷት። መጀመሪያ ትጣፍጣለች፤ ወደ ጉሮሮ ስትወርድ ግን ብረት የላሱ ያህል መረረቻቸው። «ይቺስ መጨረሻዋ አያምርም» አሉ። ቢሆንም ለመዷት። ለሰው ግን ትንፍሽ አላሉም፤ ጠጅ የማትቀምስ ጠጅ ጣይ መባልን ከበሽታው ይልቅ ፈሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሳቸው ተረቱን የሚያውቁት ለሌላ ሰው ነው።

ኋላ ዕፀገነት የዳሪሙ ወረዳ ልጅ የሆነውን ጉርሙን ልታገባ ሆነ። በመልሱ ቀን የሙሽራው እናት እትዬ ዲሪቤ ከነቤተሰባቸው ይመጣሉ፤ እትዬ ሻሽቱም ፊታቸው መጠጣት ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ ለእንግዶቹ ጋን ሙሉ የማር ጠጅ ጣሉ፤ ለራሳቸው በትንሽ ማሰሮ ውሃና ጌሾ አድርገው በማሩ ፈንታ ስልሳ ፍሬ ክኒን ጨመሩ።

ጋኑ በሦስተኛው ቀን መንሾክሾክ ጀመረ። ማሰሮው ዝም። በሳምንቱም ዝም። ብርድ መስሏቸው በጋቢ ጠቀለሉት፣ ምድጃ አጠገብ አስጠጉት። በሠላሳ ዓመት ጠጅ እምቢ ብሏቸው አያውቅምና ተናደዱ።

ዕፀገነት አይታ ሳቀች። «እማዬ፣ እርሾው እኮ የሚበላው ስኳር ነው። ይቺ ክኒን ምላስ ታታልላለች እንጂ እርሾ አታታልልም።»

እሳቸው አልሳቁም። ማሰሮውን አጠለሉ፤ ጠጅ እንዲመስልም እርድ ቆንጠር አድርገው ጨመሩበት።

በመልሱ ቀን ቤቱ ሞላ። እትዬ ሻሽቱ ብርሌያቸውን ከጓዳ ይዘው ወጡና «እንደ ቤታችን ደንብ» ብለው ተጎነጩ። እትዬ ዲሪቤ ይህን ሲያዩ ተነሥተው መጡ።

«እኔና እርስዎማ ለየብቻ አንጠጣም፤ የልጆቹ እናቶች ከአንድ ብርሌ ነው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

እምቢ ማለት ነውር ነው። እትዬ ሻሽቱ ሰጧቸው። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያያል። እትዬ ዲሪቤ ጎንጨት አደረጉ፣ አፋቸው ውስጥ አቆዩት፣ ዋጡት፣ ከዚያ የእትዬ ሻሽቱን ፊት ትክ ብለው አዩ።

«ሚኣዋ ነው! ይጣፍጣል!» ብለው ለቤቱ አሰሙ።

ቀጥለው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ። «እኔ ሻይ ውስጥ ሁለት ፍሬ ነው የምጨምረው። እርስዎ አበዙት።»

ያን ቀን ከማሰሮው ሁለቱ ብቻ እየተቀዳላቸው አመሹ።