በጠራራ ፀሐይ የሚጠራ

ሰውዬው፣ በቀይ ሽብር ዘመን ቆጥ ላይ የተደበቀ ወጣትን በክርስትና ስሙ ጠርቶ አስወጣና ለገዳዮች አስረከበው። ያንን ስም ከወጣቱ እናት የወሰደው በጸሎት አስበዋለሁ ብሎ ነው። ልጁም የወዳጅ ጥሪ መስሎት ወረደ።

የሟቹ እህት ብዙዬ ዛሬ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከምትሠራበት ሱቅ ሆና ሰውዬውን ታየዋለች። እሱ አያውቃትም። ሌሎች አንቱ ይሉታል። የአደን ጃኬቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ደም አርፎበት አያውቅም። ኮዮት የሚሉትን የዚህን አገር ቀበሮ የሚጠራበትን ፊሽካ ከማተቡ ጋር በአንድ ክር አንጠልጥሎታል። የራሱ ድምፅ ግን ያኔ ወንድሟን የጠራበት ያው ነው፤ ብዙዬ በእንቅልፏ ስትሰማው የኖረችው። ዛሬም አዲስ ሰው ሲተዋወቅ፣ “የክርስትና ስምህ ማን ነው? በጸሎት ላስብህ” ይላል።

“ጋሼ፣ አውሬው በቀን እንዴት ይመጣልዎታል? አፖይንትመንት አስይዘውት ነው እንዴ?” አለው ታክሲ ነጂው እንዳሻው።

“የቡችላ ለቅሶ ካሰማኸው ቀን ነው ሌሊት ነው አይልም። የገዛ ወገኑ የጠራው ይመስለዋል።”

ፊሽካውን ነፋ። ለቅሶው ሱቁን ሞላው። ምስር ትመዝን የነበረችው ብዙዬ ቀና ብላ አየችው።

“ሲመጣ አያሳዝንዎትም?” አለችው።

“እኔ መጥራት ብቻ ነው፣ እኅቴ። የሚተኩሰው ጓደኛዬ ነው።”

እንዳሻው ሳቀ። ሰውዬው ምስሩን ይዞ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ።

በወንድሟ ሞት እስከ ዛሬ የተጠየቀ ሰው የለም።